ጠንካራውን መድኃኒት ማን ይችለዋል?

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ይህንን ክፍል አዳራሽ ላስመሰላችሁት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። እስከ ትናንት ከሰዓት በኋላ ድረስ የታካሚ መጠበቂያ ነበር። ወንበሮቹ ያው ናቸው። ስንቱ ስሙ እስኪጠራ ልቡ ድው ድው እያለ እንደተቀመጠባቸው ታውቃላችሁ። ዛሬ እናንተ ተቀምጣችሁ እኔ ቆሜያለሁ። አትፍሩ፣ መርፌ አልያዝኩም።

ዋና ነርሳችን እነዚህን ሁሉ ፊኛዎች በራሷ ትንፋሽ እንደነፋች ሰምቻለሁ። የጨረሩን መጠን የሚያሰላልን ፊዚሲስት ረድቷታል ይላሉ። ሁለቱ እስኪመሽ ፊኛ ሲነፉ ምን ሲያወሩ ነበር ብሎ መጠየቅ የእኔ ሥራ አይደለም። ግን ሥራዬን ለቅቄ እየሄድኩ ስለሆነ ልናገር፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ እባካችሁ ቶሎ በሉ።

ክቡር ዳይሬክተር «አሥር ደቂቃ ይበቃሻል» ብለውኛል። ክቡር ዳይሬክተር፣ እርስዎ ስብሰባ ላይ «በአጭሩ» ብለው ሲጀምሩ እኛ እኮ ከጠረጴዛው ሥር ጫማችንን አውልቀን ነው የምንጠብቀው። ዛሬ ብድሬን የምመልስበት ቀን ነው።

ከመካከላችሁ የባልደረቦቼ ባሎች፣ ሚስቶችና ልጆች አላችሁ። ሰዎቻችሁ እዚህ ቤት ውለው ሲመጡ ለምን ዝም እንደሚሉ፣ ወይም ለምን ያለ ምክንያት እንደሚስቁ ግራ ገብቷችሁ ያውቅ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እኔ የአፍ፣ የምላስ፣ የጉሮሮና የአንገት ካንሰር ሐኪም ነኝ። ግብዣ ላይ ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎኝ ይህንን ስነግረው ወዲያው ጉሮሮውን መዳበስ ይጀምራል። አንዳንዱም እዚያው አፉን ከፍቶ «እስቲ እይልኝ» ይለኛል። ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ፣ የስንቱን ምላስ እንዳየሁ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ይህ ካንሰር ጨረር ይፈራል። ከጨረሩ ጋር ኬሞ ሲጨመርበት ደግሞ አብዝቶ ይፈራል። ኬሞው ከብረት ዘር የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ ሲያዩት እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ። ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ግን ቀልድ አያውቅም። ካንሰሩን ሲመታ ኩላሊትንም ይጎሽማል፣ ጆሮንም ያደነቁራል፣ ሆድንም ይገለብጣል፣ ደምንም ያሳሳል።

የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ትልቁን መጠን በየሦስት ሳምንቱ በአንዴ ማፍሰስ ነው። ሌላው አነስ አድርጎ በየሳምንቱ መስጠት። ትልቁ ብዙ የተፈተነ ነው፤ እኛም ዘመናችንን ሙሉ የተማመንነው በእሱ ነው። የቻለው ሰው እሰየው። ያልቻለው ግን መንገድ ላይ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ኬሞው ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ጨረሩም አብሮ ይቋረጣል። ጨረር ሲቋረጥ ካንሰሩ ትንፋሽ ያገኛል። ትንፋሽ ያገኘ ካንሰር ደግሞ ውለታ አያውቅም።

ስለዚህ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ አንድ ነው። ማን ይችለዋል?

ይህንን ጥያቄ እንዴት እንመልሰው ነበር? እስቲ ለቤተሰቦቻችሁ ልንገርባችሁ። በየማክሰኞው ጠዋት ሁላችንም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ እንሰየማለን። ደሙ ተመርምሯል፣ ኩላሊቱ ታይቷል፣ ጆሮው ተፈትሿል፣ ሁሉም ደህና። ከዚያ በሩ ይከፈትና ታካሚው ይገባል። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን መንገድ እንዴት እንደሚሄዳት እናያለን። እጁን ይዘረጋልናል፤ አጨባበጡን እናያለን። እሱ ሰላም ያልነው ይመስለዋል፤ እኛ ችሎት ላይ ነን። «የበር ዳኝነት» ነበር የምንለው።

ሲወጣ ቀዶ ሐኪማችን፣ ሁላችሁም «መቀስ» የምትሉት (አንተ ፊት እንዳልተባለ አታስመስል፣ ታውቃለህ) ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ፍርዱን ይሰጣል። «ይኼ ሰውዬ በሬ ነው! ትልቁን ስጡት» ይላል። ወይም ደግሞ «ይቺ ነፋስ ሲነሳ አጥር ይዛ ካልቆመች አትተርፍም። ትንሹን» ይላል። እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ትክክል ነበርን? አንዳንዴ። ልብስ ሰፊዋን የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ! ክብደቷ ከያዘችው ቦርሳ አይበልጥም ነበር። በበሩ ዳኝነት ወድቃ ነበር፤ እሷ ግን «ሐኪም አይደላችሁ? የሚያድነኝን ስጡኝ እንጂ ምን ትሰስቱብኛላችሁ?» ብላ ተሟግታ ትልቁን ወሰደች። ወሰደችና ጨረሰች። ጨርሳ ልትሄድ ስትል ደግሞ «መጋረጃችሁ ዓይን ያማል» ብላ የዋርዱን መጋረጃ በሙሉ አውርዳ ጠርዙን ሰፍታ ሰቀለችው። እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። በሬ ያልናቸው ሰዎች በዚያው መጋረጃ ሥር ከመጀመሪያው መጠን በኋላ መነሳት አቅቷቸው ተኝተው ነበር። እኛም በመካከላቸው ቆመን እንገረም ነበር እንጂ ለምን እንደሆነ አናውቅም ነበር።

አሁን ስለ አንዲት ሴት ልናገር ነው። ከኋላ ተደብቃ ተቀምጣለች። የራጅና የሲቲ ስካን ሐኪማችን፤ መብራት በጠፋበት ክፍል ስክሪን ፊት ስለምትኖር ስም ያወጣንላት «የሌሊት ወፍ»። ይቅርታ እቴ፣ ዛሬም ጠራሁሽ።

የሌሊት ወፍ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፣ ዕጢውን በቀስት ታሳየናለች፣ መጠኑን ትነግረናለች፣ ወደ ጨለማዋ ትመለሳለች። ሰው አትወድም ብለን እናማት ነበር። አንድ ማክሰኞ ግን ሥራዋን ጨርሳ አልወጣችም።

«መብራቱን አጥፉልኝ፤ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለች።

የአንድ ሰው አንገት ግድግዳው ላይ በራ። እንደ ተቆረጠ ግንድ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ሥዕል ነው፤ ለእኛ አዲስ አይደለም።

«ዕጢው የታለ?» አለ መቀስ።

«ዛሬ ዕጢውን እርሳው።»

ጓዶች፣ እንደዚያ ብሎ ያዘዘን ሰው አልነበረም። እኛ እኮ ዕጢ ለማየት ነው ዓይን ያበቀልነው! ቀስቷን ወደ አጥንቱ ወሰደችው። የአንገት ሦስተኛዋ አጥንት ናት። ከአጥንቷ ኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ጡንቻዎች፣ ልክ ውኃ ሊቀዱ እንደተገጠሙ መዳፎች። ወደ ጎን ደግሞ ሌሎች ሁለት፣ ቀጠን ያሉ። ቀን ሙሉ ጭንቅላታችንን ቀና አድርገው የሚይዙልን እነሱ ናቸው። አመስግነናቸው አናውቅም።

«እነዚህን ለካኋቸው» አለች። «ቀደም ብለን ያከምናቸውን ሰዎች ሥዕል አወጣሁ። ማን እንደቻለ፣ ማን እንደወደቀ ሳላይ መጀመሪያ ጡንቻውን ለካሁ። ከዚያ ካርዳቸውን ጠየቅኩ።»

«እና?»

«ጡንቻቸው የሳሳው አብዛኞቹ ትልቁን መጠን አልጨረሱም።»

ያ ሥዕል ከእያንዳንዱ ታካሚ ሕክምና በፊት የሚነሳ ነው። ስንት ዘመን እጃችን ላይ ነበር! መልሱ ከጥያቄው ጎን ተቀምጦ፣ እኛ ወደ ዕጢው ስናፈጥ ኖርን። አካል ምንም አልደበቀንም። እኔ በሕይወቴ የተደነቅኩባቸው ብዙ ነገሮች አሉ፤ ልጅ ሲወለድ አይቻለሁ፣ የቆመ ልብ ሲነሳ አይቻለሁ። በዚያ ጨለማ ክፍል የተሰማኝ ግን ሌላ ነው። ቤቴ ውስጥ አብሬው የኖርኩት ግድግዳ በር እንደነበረው ያወቅኩ መሰለኝ።

መቀስ ግን መቀስ ነው። «እና ከዛሬ ጀምሮ በመዳፍ ፈንታ አንገት እያነበብን ልንጠነቁል ነው?» አላት።

«አንተ የጫማ ኮቴ እየሰማህ ስትጠነቁል ማን ከለከለህ?» አለችው።

መብራቱ እስኪበራ ሳቁ አልቆመም። ጆሮው ቀልቶ ነበር፤ እኔ አይቻለሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ የምትሉ ቤተሰቦች፣ እንዲህ አስቡት። ቁም ሣጥን የሚያነሱ ሰዎች ጠራችሁ እንበል። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ቆጠራችሁና በቁጥሩ ልክ ትልቅ ቁም ሣጥን አዘዛችሁ። ቁም ሣጥኑ ሲመጣ ግማሹ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፣ የሚያነሳው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። እኛም መድኃኒቱን የምንቀምረው በቁመትና በክብደት ነበር። ስብም ክብደት ነው፤ ሚዛን ላይ ይቆጠራል። ሸክም ሲመጣ ግን ሶፋው ላይ ነው። መድኃኒቱን አብዝቶ የሚጋራው ስብ ያልሆነው ሥጋ፣ ጡንቻው ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን ስቡና ጡንቻው አይለዩም።

ይኼ ሁሉ ግን የትናንት ሰዎች ነገር ነበር፤ ያለፈውን መተንበይ ቀላል ነው። የጨነቀን የነገው ሲመጣ ነው። መጣም።

የአንድ ታካሚያችንን ታሪክ እንድናገር ራሳቸውን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ። ከተማው ውስጥ መሪ ከያዘው ሰው ግማሹ በእሳቸው ጩኸት ያደገ ነው። ካንሰሩ የምላሳቸው ሥር ላይ ነበር።

ያን ማክሰኞ እሳቸው ሳይታዩ ድምፃቸው ቀድሞ ገባ። ቀጥሎ ትከሻቸው በሩን ሞላው። ወለሉ ተንቀጠቀጠ ብል ግነት ይሆንብኛል፤ የዋና ነርሷ እስክሪብቶ ግን ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወድቋል። ሁላችንንም አንድ በአንድ ጨበጡ። መቀስን ሲጨብጡት ፊቱ ሲጨማደድ አየሁ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንቺ! ወደ ኋላ ማቆም ያልሆነልሽ ልጅ!»

አዎ፣ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ችያለሁ» አልኳቸው።

«ውሸታም! ስገባ አንዲት ነጭ መኪና የሁለት መኪና ቦታ ይዛ ተጋድማ አየሁ። ያንቺ ናት፣ አይደለችም?»

የኔ ነበረች። እነዚህ ታማኝ ባልደረቦቼ በአንድ ድምፅ «ናት!» ብለው መሰከሩብኝ።

ከኋላቸው ሚስታቸው የእሳቸውን ኮት ታቅፈው ቆመዋል። ትንሽ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ሲወጡ እንኳ በሩን የዘጉት እሳቸው ናቸው፣ ቀስ ብለው።

«በሬ!» አለ መቀስ፣ እጁን እያሻሸ። «ይኼ እንኳ ስብሰባ አያስፈልገውም። ትልቁን!»

ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ ሁላችንም፣ ማንም ሳያዘን፣ ወደ የሌሊት ወፍ ዞርን። መብራቱን አጥፍታ ሥዕሉን አበራችው።

ሁለቱ መዳፎች ሳስተዋል። ዳር ዳራቸውን ስብ በልቷቸዋል።

«ሊሆን አይችልም» አለ መቀስ። «እጄን ሊሰብረው ምን ቀረው!»

«እጅህን አልለካሁም» አለችው፣ በቀስታ። «አንገታቸውን ነው የለካሁት።»

ቆይተን ስናስበው ነገሩ ተገለጠልን። ወራት ሙሉ ሲውጡ ያማቸው ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም እንጂ ፈሳሽ ፈሳሽ ሲሉ ነው የከረሙት። ከዚያ በፊት ደግሞ ዕድሜያቸውን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው የፈጁት። ሥጋው ሲሄድ ግዝፈቱ ቦታውን ይዞ ቆየ። ድምፁም ቆየ። እኛ ያየነው እነዚህን ነው።

አሁን ምን ይደረግ? ትንሹን ብንሰጣቸውና ካንሰሩ ቢያመልጥ፣ ትልቁን ቢችሉ ኖሮስ? ትልቁን ብንሰጣቸውና ቢወድቁ፣ ሥዕሉ ነግሮን አልነበረም? በመጨረሻ በየሳምንቱ የሚሰጠው ይሻላል አልን። ነገሩን የሚነግራቸው ሰው ሲፈለግ ሁሉም እኔን አየ። ተማሪያቸው ነኛ!

ትንሿ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ለደካማ የሚሰጠውን ነው የምትሰጪኝ?»

«የደካማ አይደለም ጋሼ። እስከ መጨረሻው ከደረሱ ተጠራቅሞ ያው ይበቃል...»

«ሙሉውን ስጪኝ! የመጣው ይምጣ።»

«የመጣው የሚመጣው እኔ ላይ ነው» አሉ ሚስታቸው። ከገቡ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አንቺ ደግሞ! ደከመኝ ስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም። የምፈራው እሱን አይደል?»

ሥዕሉን አሳየኋቸው። ጤነኛ ጡንቻ ምን እንደሚመስልም ከጎኑ አሳየኋቸው። አፍጥጠው ቆዩ።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የት ሄደ ሥጋዬ?» አሉ። ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሰማሁት። ወዲያው ግን ቀና አሉ። «ይኼ ሥዕል እወድቃለሁ ነው የሚለው?»

«አይልም። ሊከብድዎ ይችላል ነው የሚለው።»

«ቢሳሳትስ? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ተማሪ ስተነብይ ነው የኖርኩት። ገብቶ የመኪናውን በር ሲዘጋ አይቼ፣ ይኼ ያልፋል፣ ይኼ ይወድቃል እላለሁ። አንቺን ወዳቂ ነው ያልኩሽ! ለዚች ለሚስቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ።»

«እውነቱን ነው» አሉ እትዬ። «እራት ላይ ነግሮኛል። 'ይቺ ሐኪም የምትሆን ልጅ አጥር ታፈርሳለች' ብሎኛል።»

«እኔ ግን አለፍኩ» አልኩ።

«አለፍሻ! ይኸው! እኔ ከተሳሳትኩ ይኼ የማይሳሳትበት ምን ምክንያት አለ?»

እውነታቸውን እኮ ነው። ሰው በመሆኔ ተሳስተውብኛል፤ እሳቸውም ሰው በመሆናቸው ሥዕሉ ሊሳሳትባቸው ይችላል። ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። የማስተማሪያ መኪና፣ የነዳችሁ ታውቃላችሁ፣ ሁለት ፍሬን አላት። አንዱ በተማሪው እግር ሥር፣ አንዱ በአስተማሪው።

«ጋሼ፣ ያልፋል ካሉት ተማሪ ጋር መንገድ ሲወጡ፣ እግርዎን ከፍሬኑ ላይ ያነሱ ነበር?»

«እኔ? እንዴት ተብሎ!»

«ያልፋል ብለው የለ?»

«ቢያልፍስ? መንገድ እኮ ነው! ውሻ ይገባል፣ ኳስ ይገባል፣ ኳሱን ተከትሎ ልጅ ይገባል...»

«በየሳምንቱ የሚሰጠው ፍሬን አለው፣ ጋሼ። በየሳምንቱ ደምዎን አያለሁ፣ ኩላሊትዎን አያለሁ። ከከበደዎ እይዘዋለሁ። ትልቁን ግን አንዴ ካፈሰስኩት መልሼ አልቀዳውም።»

እኔን ማየት ትተው መስኮቱን አዩ። ከዚያ ተነሱና «ነይ እንሂድ» አሉ ሚስታቸውን። አኩርፈው ሄዱ ብዬ ልቤ ተሰበረ። በሩ ላይ ዞሩ።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምመጣው?»

ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ነርሶቹን ስለ መንገድ ሕግ ሲፈትኗቸው ይውሉ ነበር፤ ያልመለሰችውን መርፌ አላስወጋም ይሏት ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀልዱ ቀነሰ። አራተኛው ላይ አፋቸው በሙሉ ቆሰለ፤ በሆዳቸው በገባ ቱቦ መመገብ ጀመሩ። ድምፃቸው ሄደ። ያ ድምፅ!

ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በትራፊክ ምልክት መነጋገር ጀመሩ። መዳፍ ወደ ፊት ከሆነ፣ ቁም፣ አትንካኝ ማለት ነው። እጅ ወደ ግራ ከተዘረጋ፣ በግራ ጎኔ አዙሩኝ። በጣት ብልጭ ድርግም ካደረጉ፣ ዳር ይዤ ልቁም ነው፤ ማስታወክ መጣ ማለት ነው። የዋርዱ ነርሶች በሙሉ ያለ ክፍያ መንጃ ፈቃድ የተማሩት ያኔ ነው።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የኩላሊታቸው ነገር አስፈራኝ። የዚያን ሳምንት ኬሞ ያዝኩት፤ ጨረሩ ብቻ ይቀጥል አልኩ። ልነግራቸው ስገባ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሰሙኝ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀኝ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ተንቀሳቀሰ፤ የአልጋውን ግርጌ ረገጥ አደረጉት። ፍሬን! ከንፈራቸው ቆስሎ መሳቅ አይችሉም፤ ዓይናቸው ግን ሳቀ።

በዚያ ሳምንት ነው የሌሊት ወፍ ዋርድ የመጣችው። እዚህ ቤት ስትሠራ በኖረችበት ጊዜ ሁሉ ታካሚ አልጋ አጠገብ ስትቆም አይተናት አናውቅም ነበር። ግርጌው ላይ ቆማ፣ እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት፣ «እኔ ነኝ አንገትዎን የለካሁት» አለች።

አዩዋት። ከዚያ ማንም ያላዘዛቸውን ነገር አደረጉ። ጭንቅላታቸውን ከትራሱ አነሱ። ቀስ ብለው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ አንገታቸው ላይ ሥሩ ሁሉ ተገታትሮ። እኛ ሳስቷል ያልነው ያ ጡንቻ ያንን ትልቅ ጭንቅላት አነሳው። እሷን እያዩ ቀና ብለው ቆዩ። እትዬ ትራሱን ሊያስተካክሉ ብለው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። መልሰው ሲጋደሙ አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት።

ኮሪደር ላይ ስናገኛት ታለቅስ ነበር። «ለካሁት እንጂ አላየሁትም ነበር» አለችኝ። መቀስ፣ ይኼ በሁሉ ላይ የሚቀልደው መቀስ፣ መሐረብ አውጥቶ ሰጣት። ንጹሕ ነበር፤ እኔም ተገርሜያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ኩላሊቱ ተመለሰ፤ ኬሞውን ቀጠልን። ጨረሩ አንድም ቀን ሳይጓደል አለቀ። ከዚያ ያ የምታውቁት ጥበቃ መጣ። ቁስሉ እስኪያገግም፣ እብጠቱ እስኪጎድል፣ እስከ አዲሱ ሥዕል። ሥዕሉ ሲነሳ የሌሊት ወፍ እኔን ጠርታ ጨለማዋ ውስጥ አስገባችኝ። ሁለታችንም ስክሪኑን አየነው። ደግመን አየነው። ዕጢው የነበረበት ቦታ ላይ ምላስ ብቻ ነበር።

ታዲያ አሸነፍን ማለት ነው? ሰውን መተንበይ ቻልን? ወዳጆቼ፣ ተጠንቀቁ። የሌሊት ወፍ ወደ ኋላ ሄዳ የዚያችን ልብስ ሰፊ አንገት ብትለካው ጡንቻዋ የሚያስቀና ሆኖ አገኘችው። እሰይ፣ ሥዕሉ እውነቱን ተናገረ አልን። በሌላ ቀን ደግሞ ጡንቻው እንደ ክር የሳሳ፣ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት በሌላ ሆስፒታል ትልቁን መጠን ጀምሮ የመጣ የሒሳብ መምህር ገጠመን። ሳያነጥስ ጨረሰው። ለምን? አናውቅም። የሒሳብ መምህሩም አያውቅም፤ «ስሌታችሁን ድገሙት» ብሎን ሄደ።

እኔ ሥራዬን የምለቀው ይህንን ተሸክሜ ነው። ስጀምር ሐኪም ማለት የሚያውቅ ሰው ይመስለኝ ነበር። አሁን ባወቅኩ ቁጥር አፌን ከፍቼ የምቀር ሰው ሆኛለሁ። በአንዲት አጥንት ዙሪያ ያለ ሥጋ፣ ሰው ምን ያህል መከራ እንደሚሸከም በከፊል ይናገራል። የቀረውን ማን ይናገር? ሚስት ናት? ቁጣ ነው? እኔ እንጃ።

ባለፈው ወር አስተማሪው ለምርመራ መጡ። ድምፃቸው እንደ አሮጌ ሞተር ሻካራ ነው፤ ግን ይነሳል። ምራቅ ስለሚያጥራቸው ውኃ በእጃቸው ነው። ሥዕሉ ንጹሕ ነው አልኳቸው። እትዬ ኮቱን እንደታቀፉ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ። እሳቸው ግን ጥያቄ ነበራቸው።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ያን ጊዜ ትልቁን ብትሰጪኝ ኖሮ እችለው ነበር ወይስ አልችለውም?»

ብዙ ሰው ይህንን ይጠይቀናል፣ ባልደረቦቼ። ሁልጊዜም የምንመልሰው አናጣም። እኔ ግን ልሄድ ነውና ልዋሻቸው አልፈለግኩም። አንዱን መንገድ ስንመርጥ ሌላውን ራሳችን ዘግተነዋል። እዚያ መንገድ ላይ ምን እንደነበር የሚነግረን ሥዕል የለም።

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው። «መቼም አላውቅም።»

ጥቂት አሰቡ። «እኔ እችለው ነበር እላለሁ» አሉ።

«እኔ ደግሞ» አሉ ሚስታቸው፣ ኮቱን ትከሻቸው ላይ እያለበሷቸው፣ «ማወቅም አልፈልግ። ና አሁን፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። ውጠህ ነው የምትበላው።»

ተያይዘው ወጡ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ፤ የሚቀጥለውን ታካሚ መጥራት ረስቼ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ደቂቃዬን በላሁት፣ የእናንተንም በላሁት። ልመርቃችሁና ልቀመጥ።

እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይድከም። የምትለኩት ይስመርላችሁ፤ ስትለኩ ደግሞ ሰውየውን አይሰውርባችሁ። የተነበያችሁት ክፉ ነገር ያሳፍራችሁ፤ የተመኛችሁት ደግ ነገር ከፊታችሁ ይቅደም። «አላውቅም» ለማለት ድፍረቱን፣ ብላችሁም አብሮ ለመቆየት ትዕግሥቱን ይስጣችሁ። ወደ ቤታችሁ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ አይጥፋ። ነገ ጠዋት እዚህ ለሚገቡት፣ ገና ስማቸውን ለማናውቃቸው ሰዎች፣ በእናንተ እጅ መዳን ይሁንላቸው። የሚያልፉትም ሕመሙ ሳይጠናባቸው፣ ሰው ሳይለያቸው ይለፉ።

እኔንም አትርሱኝ። እወዳችኋለሁ። በሰላም ቆዩልኝ።